አለቃዬ በአማርኛ ያሠራችው ስም ስህተት ነው፤ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለትምህርት ወደ ቻይና መጥቼ፣ ጓንዡ ከተማ ሥራ ይዤ የቀረሁ ኢትዮጵያዊት ነኝ። የምሠራው ቡና አስመጥቶ በሚቆላ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ባለቤቷ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደ አገሩ ወግ ‹ጄ› እያልኩ እጠራታለሁ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ማለት ነው። ደግ ሴት ናት። አሁን ባይዩን ተራራ ሥር ካፌ ልትከፍት ነው። ስሙን በቻይንኛ ካወጣች በኋላ፣ ‹ቡናው የኢትዮጵያ ስለሆነ በኢትዮጵያ ፊደልም መጻፍ አለበት› ብላ በስልኳ አስተረጎመችው። የወጣው ‹ዘገምተኛ ተራራ ቡና› የሚል ነው። የመጠጥ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ‹እጅ የታጠበበት ቡና› እና ‹የታጠበ ይርጋጨፌ› የሚሉ አሉ። እኔን በድንገት ልታስደስተኝ አስባ ኖሮ፣ ሳትነግረኝ ለሰሌዳ ሠሪው ቀብድ ከፍላለች። ናሙናውን ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ሌላም አለ። የሱቆችን አስቂኝ የእንግሊዝኛ ስሞች ፎቶ እያነሣሁ ለወገኖቼ በቴሌግራም መላክ ልማዴ ነበር። በቅርቡ ከላክኋቸው አንዱ የባልደረባዬ አክስት ልብስ መሸጫ ሆኖ ተገኘ፤ አክስትየዋም ከበሩ ላይ ቆመው ይታያሉ። ልጅቷ ካየችው ወዲህ አታናግረኝም። በመጨረሻም፣ ባንክም ሆስፒታልም የሚጠሩኝ በአያቴ ስም ነው። አለቃዬ የቻይና ስም ላውጣልሽ ትለኛለች፤ ልቀበል? — ከጓንዡ»

ውድ እህቴ፣

ንገሪያት። ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት፣ ከተቻለ ይህን ባነበብሽበት ቀን ንገሪያት። ቀብዱ ቢቀር እንኳ ሰሌዳው በር ላይ ከወጣ በኋላ ከሚመጣው ኀፍረት ይቀላል። «ዘገምተኛ» የሚለውን ቃል አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ አንቺም እኔም እናውቃለን። ጓንዡ ደግሞ አማርኛ አንባቢ የጠፋባት ከተማ አይደለችም። አየር መንገዳችን በቀጥታ ይበርባታል፤ ሽያዎቤይ ሠፈር ነጋዴዎቻችን ዕቃ ሲያሳስሩ ይውላሉ፤ ተማሪዎቻችንም ብዙ ናቸው። ሰሌዳው በወጣ ማግስት አንዱ ወገናችን ፎቶ አንሥቶ ይለቀዋል። ያቺ ደግ ሴት መሳቂያ የምትሆነው በአንቺ አገር ሰው ዘንድ፣ በአንቺው ቋንቋ፣ አንቺ እያወቅሽ ነው። ይህ እንዲሆን አትፍቀጂ።

ያደረገችውን ነገር ልብ በይልኝ። ካፌ የሚከፍት ሰው ሁሉ በሩን በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ ቃላት ማስጌጥ በሚቀናው ዘመን፣ አንዲት ቻይናዊት ነጋዴ ቡናው የበቀለበትን አገር ፊደል በሯ ላይ ልትሰቅል ተነሣች። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሳቁ ቀድሞ የተሰማኝ ኩራት ነው። ፊደላችንን ያከበረች ሴት በዚያው ፊደል እንዳትዋረድ መጠበቅ ያንቺ ድርሻ ነው፤ አጠገቧ ሌላ የሚነግራት የለም።

ከመናገርሽ በፊት ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ተረጂ፤ አለዚያ ቸልተኛ አድርገሽ ታያታለሽ። በቻይና የድርጅት ስም የሚመዘገበው በቻይንኛ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2001 ጀምሮ የሚሠራበት የቋንቋ ሕግም የሰሌዳ ጽሑፍ መሠረቱ ደረጃውን የጠበቀ ቻይንኛ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ባለሱቁ የሚጨነቀው፣ ዘመድ ወዳጅ የሚያማክረው፣ ድምፁን ደጋግሞ የሚሞክረው ለቻይንኛው ስም ነው። ከሥሩ የሚገባው የውጭ ፊደል ለዓይን ማማሪያና ለዘመናዊነት ምልክት ይቀመጣል። መዝጋቢው አይጠይቅበትም፣ አብዛኛው ደንበኛ አያነበውም፣ ሰሌዳ ሠሪውም ቋንቋውን አያውቀውም። ስህተቱ የሚያስቆመው ሰው ሳያገኝ እስከ በሩ ይደርሳል።

አንድ ምግብ ቤት የስሙን ትርጉም ከኮምፒውተር ሲጠይቅ መሣሪያው «የትርጉም ሰርቨር ስህተት» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ሰጠው፤ ባለቤቱም ያንኑ በትልልቅ ፊደል አሠርቶ ሰቀለው። ፎቶው ዓለምን ዞሯል። የደረቁ ምግቦች መደርደሪያ ላይ ነውረኛ የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎ የተገኘበትም ጊዜ ነበር። የዚህኛው ምክንያት ይገርማል፦ ባለፈው ክፍለ ዘመን ቻይናውያን ፊደላቸውን ሲያቀልሉ፣ በፊት ለየብቻ ይጻፉ የነበሩት «ደረቅ» እና «ማድረግ» አንድ ፊደል ላይ ተገናኙ። «ማድረግ» የሚለው ቃል ደግሞ በመንገድ ንግግር ሌላ ፍቺ አለው፤ የትርጉም ፕሮግራሙም ከሁሉ የከፋውን መረጠ። የእናንተው «እጅ የታጠበበት ቡና» ከዚሁ ዘር ነው። ቻይናውያን ሙቅ ውኃ በእጅ እያፈሰሱ በማጣሪያ የሚያወርዱትን ቡና የሚጠሩበት ስም ውስጥ ያለው ፊደል ማፍሰስም፣ ማለቅለቅም ይሆናል። ስልኩ ማለቅለቁን ያዘ።

አገሩም ጉዳዩን በቸልታ አላለፈውም። ቤጂንግ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ድርብ ወርቅ ያገኙበትን የ2008 ኦሊምፒክ ከማስተናገዷ በፊት የእንግሊዝኛ ሰሌዳዎቿን ስታርም ነበር። የብሔረሰቦች ባህል የሚታይበት ፓርክ በእንግሊዝኛ «ዘረኛ ፓርክ» ተብሎ ተጽፎ እንደነበር ይታወሳል፤ ብሔርና ብሔረሰብ የሚሉትን ቃላት በየቀኑ የምንሰማ እኛ አንዲት የቃል ምርጫ ምን ያህል እንደምታጎድፍ አናጣውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ስለሚጻፍ እንግሊዝኛ ብሔራዊ ደረጃ ወጣ፤ ትራንስፖርትን፣ ጤናን፣ ምግብ ቤትንና ሌሎች ዘርፎችን ይሸፍናል። አማርኛ ግን በዚህ ውስጥ የለበትም። አለቃሽ ልትጠይቅ የምትችለው አንቺን ነው።

አነጋገርሽን ከምን እንደምትጀምሪ ልንገርሽ። ቻይናውያን የውጭ ስም ሲያስገቡ ድምፁንም ትርጉሙንም አብረው የሚያስማሙበት ጥበብ አላቸው፤ ይህን በማንሣት ጀምሪ። ኮካ ኮላ እነሱ ዘንድ «ኬኮው ኬሌ» ነው፤ ለአፍ የሚጥም፣ የሚያስደስት እንደማለት። ቢኤምደብሊው «ባኦማ»፣ የከበረ ፈረስ ነው። መርሴዲስ ቤንዝ «ቤንቺ» ሲባል በፍጥነት መሮጥን ያሰማል። የስዊድኑ የቤት ዕቃ ሻጭ ኢኬያ «ዪጂያ» ተብሎ ለቤት የተስማማ ሆኗል። ፒዛ ሃት እንኳ «ቢሼንግኬ» ነው፤ ማሸነፉ የማይቀር እንግዳ። ከእነዚህ ስሞች በስተጀርባ ፊደል በፊደል የመዘነ ሰው አለ።

ለእኛ ቡና ያወጡለት ስም ደግሞ አንጀቴን ያርሰዋል። ይርጋጨፌ በቻይና ካፌዎች «ዬጂያሹዌፌይ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስተኛው ፊደል በረዶ ማለት ነው፤ አራተኛው የመዓዛ ሽታ አለው። ጌሻ «ጉዊሺያ» ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል በጽጌረዳ ስም ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው የሞቃቱን ወራት ይጠራል። ጉጂ በሁለት ፊደል ሲጻፍ ጥንታዊነትንና መልካም ዕድልን ያጣምራል። የጌዴኦ ገበሬ ለቅሞ ያጠበው ቡና በሌላ አገር ፊደል እንዲህ ተውቦ መጠራቱ ቀላል ነገር አይደለም። አለቃሽ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ሙያዋ ነው። ስለዚህ ለብቻዋ አግኝተሻት እንዲህ በያት፦ «ጄ፣ ናሙናውን በአጋጣሚ አየሁት፤ ፊደላችንን መምረጥሽ ልቤን ነክቶታል። እናንተ ዬጂያሹዌፌይን እንዳሳመራችሁት እኔም ያንቺን ስም በአማርኛ ላሳምርልሽ። በቻይንኛው ምን ማለት ፈልገሽ ነው?» ከዚያ አድምጫት። መልሷ ምናልባት የከተማውን ጥድፊያ ትቶ ተራራው ሥር ቁጭ ብሎ ቀስ እያሉ መጠጣት የሚል ይሆናል። ይህን አማርኛ በሚገባ ይገልጸዋል፤ ስልኩ ብቻ ነው ያላወቀበት።

ለብቻዋ ያልኩሽን አጥብቂው። ሠራተኞች ፊት አይሁን፣ ሰሌዳ ሠሪው ፊት አይሁን፣ የሥራ ባልደረቦች ያሉበት የዊቻት ቡድን ውስጥም አትጻፊው። ሰው ፊት የታረመ አለቃ እርማቱ ትክክል መሆኑን እያወቀም ሊቀበለው ይከብደዋል፤ ይህ አዲስ አበባም ያው ነው። ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። እኔ ብሆን «እፎይ ቡና» የሚለውን አቀርብላት ነበር። ከድካም በኋላ ተቀምጦ የሚወጣ ትንፋሽ ነው፤ እርሷ የፈለገችውን ዝግታ ይዟል፤ አጭር ስለሆነ ሰሌዳ ላይ ይደምቃል፤ ለቻይናውያን አንደበትም አያስቸግርም። ተራራው እንዳይቀርባት ከፈለገች «ተራራ ሥር ቡና» ይሆናል። ቃል በቃል «ዝግተኛ ተራራ»ን ለማዳን አትድከሚ፤ አማርኛ ተራራን ዝግተኛ አይለውም። ካመነታች አንድ ጊዜ ግልጹን ንገሪያት፦ ይህ ቃል ሰው በአእምሮው ደካማ ነው ለማለት የሚነገር ነው በያት። ይህን ሰምታ በአቋሟ ትጸናለች ብዬ አላስብም፤ ከጸናች ግን ሱቁ የእርሷ ነው።

ዝርዝሩን ስታርሚ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። «የታጠበ ይርጋጨፌ» የሚለውን አትንኪው! እርሱ ትክክል ነው። እኛም አገር ቡና አቅራቢውም ላኪውም የታጠበ ቡና ነው የሚለው፤ ገለባው ተፈልፍሎ በውኃ የጸዳውን ከደረቁ የምንለይበት ስም ነው። ስልኩ አንዱን አበላሽቶ ሌላውን በትክክል ማምጣቱ ያጋጥማል፤ ሁሉን በጅምላ ከሰረዝሽ ግን እምነቷን ታሳጪያለሽ። «እጅ የታጠበበት»ን «በእጅ የሚንቆረቆር ቡና» ብትይው ይበቃል።

ለሰሌዳ ሠሪው ጽሑፉን እንደ ምስል አድርገሽ ስጪው። ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ባዶ ሳጥኖች ደርድሮ ያወጣል፣ እርሱም ጌጥ መስሎት ይቆርጣቸዋል። የመጨረሻውን ናሙና ፊደል በፊደል እዪ፤ የ«ቡ» ቅጥያ ጠፍታ «በና» እንዳይሆንባችሁ።

ምናልባት አለቃሽ «እንዲያውም ይርጋጨፌ ብዬ ልሰይመው» ብትልሽ ከአሁኑ መልስ ይኑርሽ። የቻይና የንግድ ምልክት ሕግ ሕዝብ በሰፊው የሚያውቀውን የውጭ አገር የቦታ ስም በምልክትነት እንዳይውል ይከለክላል፤ ቡናውን በስሙ መጥራት አንድ ነገር ነው፣ ስሙን የካፌው ንብረት ማድረግ ሌላ ነው። በዚያ ላይ እዚያ አገር የንግድ ምልክት በዋናነት ቀድሞ ላመለከተ ነው የሚሰጠው። የቅርጫት ኳሱ ማይክል ጆርዳን ስሙን በቻይንኛ ፊደል «ቺያዎዳን» ብሎ ካስመዘገበ የስፖርት ዕቃ ኩባንያ ጋር ለዓመታት ተካሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቻይንኛ ፊደሎቹ ጉዳይ የፈረደለት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው። ያን ያህል ዝነኛ ሰው ያን ያህል ከደከመ ትንሽ ካፌ ምን ይሆናል? ቻይንኛውን ስምም፣ የአማርኛውን ጽሑፍም ከመክፈቷ በፊት በባለሙያ በኩል ታስመዝግብ።

ወደ ፎቶዎቹ ልምጣ። ሳቅሽን አልኮንንም። ቻይናውያንም ይስቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ማክዶናልድ የቻይና ድርጅቱን የተመዘገበ ስም «ጂንጎንግመን»፣ የወርቅ ቅስት በር ብሎ ሲለውጥ አገር ምድሩ ሳቀበት፤ ኩባንያውም የምግብ ቤቶቹ ስም እንዳለ እንደሚቀጥል መግለጽ ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት የእንግዳ ማረፊያ አከራዩ ኤርቢኤንቢ «አይቢዪንግ» የሚል ስም ሲያወጣም ተተቸ። ትልቅ ኩባንያ ይህን ይችለዋል። ሰው ለማታለል የተጻፈ ስምም ቢጋለጥ አላዝንም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ኩንሚንግ ከተማ ውስጥ የአፕልን ሱቅ አስመስለው የከፈቱ ሰዎች «ሱቅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል አዛብተው በሰሌዳቸው ላይ መጻፋቸው ዓለም ያየው ታሪክ ነው። የባልደረባሽ አክስት ግን ማንንም አላታለሉም። ልብስ ሸጠው የሚያድሩ እናት ናቸው፤ በማያውቁት ቋንቋ በራቸውን ለማሳመር ገንዘብ ከፍለዋል። ፊታቸው ጭምር የማያውቋቸው ሰዎች ስልክ ውስጥ መሳቂያ ሆኖ ሲዞር የእህታቸው ልጅ ብትቆጣ እውነት አላት።

ፎቶውን ከቡድኑ አጥፊው፤ ለምን እንዳጠፋሽውም ለወገኖችሽ በግልጽ ጻፊላቸው፣ ያስተላለፉትም ያጥፉት። ከዚያ ለልጅቷ በጽሑፍ ሳይሆን በአካል «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። «ለቀልድ ነው» የሚለውን ቃል አታንሺው። ከፈቀደችልሽ ፍራፍሬ ይዘሽ አክስቷ ሱቅ ሂጂ፤ ሴትዮዋም የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ማረም ከፈለጉ እርጃቸው፣ ካልፈለጉ ስለ ሰሌዳው ምንም አትበያቸው። ሰው የማይታይበትን፣ የግለሰብ ሱቅ ያልሆነውን ፎቶ ማየታችሁን ብትቀጥሉ ክፋት አላይበትም።

በአያትሽ ስም መጠራትሽን በሚገባ እረዳዋለሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ፓስፖርቱ ግን የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ የአያትን ስም ያስቀምጣል፤ ቻይናውያን ደግሞ ሰውን የሚጠሩት ከቤተሰብ ስም ጀምረው ነው። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ አያትሽን ስትጣራ አንቺ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎሽ ተራሽ ሊያልፍ ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሰነዱ እንዲህ ስለሚነግረው ነው። ባልደረቦችሽን ግን የራስሽን ስም አስተምሪያቸው፤ በየቀኑ የሚጠራሽ ሰው አያትሽን የሚጠራበት ምክንያት የለም።

የቻይናውን ስም ተቀበዪ። ማንነቴን ያስጥለኛል ብለሽ አትስጊ፤ ታላቅሽ አስባ፣ ፊደል መርጣ የምትሰጥሽ ስጦታ ነው፤ ዕቃ አድራሹ ሲደውል፣ ጎረቤት ሲጠራሽ ይጠቅምሻል። ከራስሽ ስም ድምፅ ጋር እንዲቀራረብ ጠይቂያት፣ የእያንዳንዱን ፊደል ትርጉምም አስረጂኝ በያት፤ ካልወደድሽው ሌላ ብትጠይቂያት አትቀየምም። ይህ ስም ግን የመጠሪያ እንጂ የሰነድ አይደለም። መኖሪያ ፈቃድሽ፣ የባንክ ሒሳብሽ፣ የስልክ ቁጥርሽ፣ በስልክ የምትከፍዪባቸው የዊቻትና የአሊፔይ ምዝገባሽ ሁሉ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው በፊደሉም፣ በቅደም ተከተሉም፣ በክፍተቱም አንድ ይሁኑ። አንዲት ክፍተት ስትለያይ ሒሳቡ ከስልኩ ጋር አልገናኝ ይላል፤ ገንዘብ ሳይኖርሽ ሳይሆን ስም ሳይገጥም ገበያ ላይ ትቆሚያለሽ። ፓስፖርትሽን ስታሳድሺም የስሞቹ አጻጻፍ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ኤምባሲው መስኮት ላይ እያለሽ አረጋግጪ፤ ከተለወጠ አንድ በአንድ ሁሉንም ቦታ ሄደሽ ማስተካከል ይኖርብሻል።